ስለ ጧሪና ቀባሪ

በአገራችን ልማድ ሰው ለወዳጁ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይለዋል። በዚህ ምርቃት ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጣምረው ይገኛሉ፤ አንደኛው በሕይወት ሳለ የሚያበላና የሚያለብስ፥ ሁለተኛውም ከሞት በኋላ አፈር የሚያለብስ ነው። በሁለቱ መካከል ግን ምርቃቱ በስም ያልጠራው ሦስተኛ ነገር አለ። ይኸውም ሽማግሌው እየተጦረ በሚኖርበት ዘመን ሁሉ የሚሰማው ሰው፥ የሚጠየቅበት ጉዳይ፥ የሚደርሰውም ተራ ነው። የቀድሞ ሰዎች ይህን ሳይጠሩት የቀሩት ረስተውት አይደለም፤ ሽማግሌ በመንደሩ ሳለ ሳይለምን የሚያገኘው ነገር ስለ ነበረ እንጂ። ዛሬ ግን አረጋውያንን በአንድ ግቢ ሰብስቦ መጦር እየተለመደ ስለ ሄደ፥ ያ ያልተጠራው ነገር በስሙ ተጠርቶ በደንብና በበጀት ካልተጻፈ በቀር የሚጠፋ ሆኗል።

ነገሩን በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ ከአንድ ከታወቀ ስፍራ ተነሥቶ መመልከት ይሻላል። ቡሬ በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው የጎጃሙን ቡሬ ያስባል፤ እዚህ የሚነገረው ግን ከመቱና ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ ስለሚገኘው ስለ ኢሉባቦሩ ቡሬ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ስፍራ እንዲቋቋም ከፈቀዱ በኋላ፥ የዚያ አገር ቡና በቡሬ በኩል ወደ ወንዙ ወደብ ሲወርድ፥ ጨውና ጨርቅም በዚያው መንገድ ሲወጣ ብዙ ዘመን ኖሯል። ስለዚህ ቡሬ መንገደኛን መቀበል የለመደች፥ ከልዩ ልዩ ወገን የመጣ ሰው የሚገናኝባት ከተማ ናት። በእርስዋና በአካባቢዋ የሚኖሩት አረጋውያንም ከአንድ ወገን ብቻ የተገኙ አይደሉም።

አንደኞቹ የአገሩ ተወላጆች፥ በቡናው ጫካ ሥር ያደጉ፥ ቀፎ ሰቅለው ማር ሲቈርጡ የኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ልጆቻቸው ለትምህርትና ለሥራ ወደ ጅማ፥ ወደ ጋምቤላና ወደ አዲስ አበባ፥ አንዳንዶቹም ባሕር ተሻግረው ወደ ዓረብ አገር ስለሚሄዱ፥ ቤቱ በሁለት ሽማግሌዎች፥ ኋላም በአንዱ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሁለተኞቹ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከሰሜኑ ክፍል ተነሥተው ወደ ምዕራብ የሠፈሩት ናቸው። በዚያን ጊዜ መንግሥት በጠቅላላው ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሲያሠፍር፥ ኢሉባቦር ከተቀባዮቹ ክፍላተ ሀገር አንዱ ነበረ። ያን ጊዜ የ25 ዓመት ጐልማሳ የነበረው ዛሬ 65 ዓመት ሞልቶታል። ወንድምና እኅቱን ትቶ የመጣ ሰው፥ ልጅ ካልወለደ ወይም የወለደው ከሞተበት፥ ጧሪ ተብሎ የሚጠራ የሥጋ ዘመድ በአጠገቡ የለውም። ሦስተኞቹም በሹመት፥ በወታደርነት፥ በንግድ ወይም በክህነት ከሩቅ መጥተው በዚያው የቀሩት ናቸው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ሲደክሙም የሚጠብቃቸው ጥያቄ አንድ ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ሰብስቦ በመጦር በአገራችን ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። መሥራቹ ቢኒያም በለጠ ሥራውን በወላጆቻቸው ቤት በጥቂት ሰዎች ጀምረው፥ ዛሬ ማዕከሉ ከጐዳና የተነሡ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች የሚጦሩበት ሆኗል። ስሙ ከየት እንደ ተወሰደ የሐዋርያትን ሥራ ያነበበ ካህን ወዲያው ያውቀዋል፤ ጳውሎስ በሌሊት ራእይ ተሻግረህ እርዳን የሚለውን ሰው ያየው በዚያ አገር ስም ነውና። በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስፈጸሚያ ገንዘብ በተሰበሰበ ጊዜ፥ በአገር ውስጥና በውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ብር መስጠቱ የሕዝቡ ርኅራኄ አለመድረቁን አሳይቷል። ይህ የሚመሰገን ነው፤ ለሌሎች ከተሞችም አርአያ ይሆናል።

ዳሩ ግን ስለ መጦሪያ ቤቶች በጠቅላላው ሲታሰብ አንድ ልማድ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም። በፋሲካና በገና፥ በልደት ቀንና በሙት ዓመት፥ እንዲሁም በሠርግ ማግስት ምግብ አሠርቶ ወደ አረጋውያን ቤት መሄድ ዛሬ የተወደደ ሥራ ሆኗል። በዚያ ቀን ግቢው ይሞላል፤ ሽማግሌው ይሳማል፤ ባልቴቲቱ ሻርፕ ትለብሳለች፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። በማግስቱ ግን ግቢው ባዶ ነው። እንግዳው መቼ እንደሚመለስ፥ ጨርሶም ይመለስ እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። መቼም የመጣውን አትምጣ ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሽማግሌውን ደስ ያሰኘ የሚመስለው እንዲህ ያለው መምጣት አንዳንድ ጊዜ ይጐዳው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ይህ ጥያቄ በአሜሪካን አገር በጥንቃቄ ተመርምሯል። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1976 ሪቻርድ ሹልዝ የተባለ ተመራማሪ ተማሪዎችን ወደ አንድ የአረጋውያን ቤት እየላከ እንዲጐበኙ አደረገ። ከተጐብኚዎቹ አንዳንዶቹ እንግዳው መቼ እንዲመጣና ምን ያህል እንዲቈይ ራሳቸው ይወስኑ ነበር፤ አንዳንዶቹ የሚመጣበትን ቀን አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ ለሌሎቹ ግን እንግዳው ሳይታሰብ ድንገት ይመጣባቸው ነበር። ሌሎች ደግሞ ጭራሽ እንግዳ አልመጣላቸውም። በመጨረሻ የተሻላቸው ቀኑን የወሰኑትና ቀኑን አስቀድመው ያወቁት ናቸው፤ በድንገት የተጐበኙት ምንም ካልተጐበኙት የሚበልጥ ጥቅም አላገኙም። ከዚህም የሚያስደነግጠው ከሁለት ዓመት በኋላ ጀምሮ በተደረገው ክትትል የታየው ነው፤ ጥናቱ ተፈጽሞ ተማሪዎቹ መምጣታቸውን ባቆሙ ጊዜ፥ ተሽሏቸው የነበሩት ሰዎች በብርቱ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ቀድሞ ያልተጐበኙት ግን እንደ ነበሩ ቈዩ። ሰጥቶ መንሣት ከመጀመሪያው ካለመስጠት የሚከፋበት ጊዜ መኖሩ በዚህ ይታወቃል።

በዚያው ዓመት ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ሁለት ሴቶች ሊቃውንት ሌላ ምርመራ አሳትመዋል። በኮነቲከት ግዛት በሚገኝ መጦሪያ ቤት በአንዱ ፎቅ ላሉት አረጋውያን የክፍላቸው አሰናዳድና የቀናቸው አዋዋል የራሳቸው ኃላፊነት መሆኑ ተነገራቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም ራሳቸው ውሃ እያጠጡ የሚያሳድጉት አንድ ተክል ተሰጣቸው፤ ሲኒማ የሚያዩበትንም ሌሊት እንዲመርጡ ተደረገ። በሌላው ፎቅ ላሉት ደግሞ ሠራተኞቹ እንደሚያስቡላቸው ተነገራቸው፤ ተክሉ ለእነርሱም ተሰጠ፤ ውሃ የሚያጠጡት ግን ነርሶቹ ነበሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በመጀመሪያው ፎቅ ካሉት ከመቶው 93ቱ መሻሻላቸው ሲታይ፥ በሁለተኛው ፎቅ ካሉት ከመቶው 71ዱ ደክመው ተገኙ። ከ18 ወር በኋላም በመጀመሪያው ወገን የሞቱት ጥቂት ሆነው ተቈጠሩ። ስለ ሞቱት የተሰጠው ቍጥር ግን በስሌት ስሕተት ከሚገባው በላይ የጸና መስሎ ስለ ነበረ ጸሓፊዎቹ ራሳቸው ኋላ አርመውታል፤ ስለዚህ ተክል ማጠጣት ዕድሜ ያረዝማል ብሎ መማል አይገባም። የሰዎቹ መንቃትና መደሰት ግን በግልጥ የታየ ነው። ተክሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ልዩነቱን ያመጣው ማሰሮውን የያዘው እጅ ማን እንደ ሆነ ነው።

ለኢሉባቦር ሰው ይህ ነገር በተክል ሳይሆን በቡና ቢነገረው ይበልጥ ይገባዋል። አንዲት የቡሬ ባልቴት ከልጅነትዋ ጀምሮ ቡና ስትለቅም፥ ስታጥብ፥ ስትቈላና ስትወቅጥ ኖራለች። ጠዋት ጢሱ ከቤትዋ ሲወጣ ጎረቤት ይጠራል፤ አቦሉን ለማን እንደምታስቀድም፥ ከማን ጋር ታርቃ ማንን እንደምታስታርቅ የምታውቀው እርስዋ ናት። በረካው ላይ የሚመርቅ ሽማግሌ አለ፤ እርሱም ቢሆን በእርስዋ ጀበና ፊት ሳይቀመጥ አይመርቅም። እንግዲህ ይህችው ሴት መጦሪያ ቤት በገባች ጊዜ ምን ታገኛለች? ንጹሕ አልጋ ታገኛለች፤ በሰዓቱ ምግብ ታገኛለች፤ ቡናም በሲኒ ተቀድቶ ይመጣላታል። ቡናው መጣላት እንጂ ቡና አፍልታ ሰው መጥራት ቀረባት። ያን ቀን ከእጅዋ የወጣው ሲኒ ሳይሆን ጎረቤት ነው። አስተዳዳሪውን ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ቢጠይቁት እሳት ያስፈራል ይላል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን በግቢው አንድ ጥግ ከድንጋይ ምድጃ ሠርቶ፥ አንድ ብርቱ ሠራተኛ አጠገቡ አቁሞ፥ ባልቴቶቹ በተራ እንዲያፈሉ ማድረግ የሚጠይቀው ወጪ የአንድ አልጋ ዋጋ አይሞላም። ቁም ነገሩ ተራ የሚለው ቃል ላይ ነው።

ተራ በአገራችን ትልቅ ነገር ነው። የማኅበርተኛ ክብሩ ጽዋውን ከሌሎች ቤት መጠጣቱ አይደለም፤ በወሩ ደርሶት በራሱ ቤት ማጠጣቱ ነው። በሰንበቴም እንዲሁ ነው። ሁልጊዜ የሚጋበዝና ከቶ የማይጋብዝ ሰው፥ ምንም ቢወደድ፥ ማኅበርተኛ ሳይሆን ተመጽዋች ይባላል። የመጦሪያ ቤት ብቸኝነትም አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ሽማግሌው በ40 ሰው መካከል ተኝቶ ብቻዬን ነኝ ቢል፥ ሰው አጥቶ ሳይሆን ለሰው የሚሰጠው ነገር አጥቶ ነው።

በዕድርም ያለው ነገር ከዚህ አይለይም። በከተማ የሚኖር ሰው በየወሩ ለዕድሩ ያዋጣል፤ ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን ይተክላል፥ ይቀብራል፥ ያስተዛዝናል፤ ከቀብር የቀረም መቀጮ ይከፍላል። ሰው ቀባሪ የሚያገኘው ራሱ ቀባሪ ሆኖ ስለ ኖረ ነው። ወደ መጦሪያ ቤት የገባ አረጋዊ መዋጮው ተቋርጦ ስሙ ከዕድሩ መዝገብ ሲፋቅ፥ ድርጅቱ እንደሚቀብረው ያውቃል፤ ቢሆንም በሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው ማን ይቈፍርልኛል የሚለው ሳይሆን ማን ያለቅስልኛል የሚለው ነው። መዋጮውን ድርጅቱ ወይም የወረዳው መሥሪያ ቤት ቢከፍልለት፥ ጕልበት ያለውም በድንኳኑ ሥር ተቀምጦ ሐዘንተኛ እንዲያጽናና በመኪና ቢወሰድ፥ ይህ ከየትኛውም የበዓል ምሳ የሚበልጥ መጦር ነው። የዕድር ዳኞችም ቢሆኑ ስለዚህ ነገር ቢመከሩ እንቢ የሚሉ አይመስልም፤ የጠየቃቸው ስለ ሌለ እንጂ።

ካህናት ይህን ሐሳብ እንግዳ ነገር አድርገው አያዩትም። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በላከው መልእክት ስለ መበለታት ሲያዝ፥ አስቀድመው ልጆችና የልጅ ልጆች ወላጆቻቸውን እንዲጦሩ፥ ጧሪ የሌላት ግን ዕድሜዋ ከ60 ዓመት ያላነሰ እንደ ሆነ በመዝገብ እንድትጻፍ አድርጓል። የዕድሜው ቍጥር ዛሬ በጡረታ ሕጋችን ከተወሰነው ጋር አንድ መሆኑ ያስገርማል። ይሁን እንጂ ያቺ መበለት በመዝገብ የምትጻፈው ለምግብ ብቻ አልነበረም፤ በበጎ ሥራ የተመሰከረላት፥ በጸሎትም የምትጸና እንድትሆን ይፈለግ ነበር። ማለት መጦርና ሥራ አንድ ላይ ተጽፈዋል። በአራተኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድኆችና ለሕሙማን ትልቅ መጠለያ አቋቁሞ ነበር፤ ከእርሱም ወዲህ በቁስጥንጥንያ መንግሥት ሽማግሌዎችን ብቻ የሚቀበሉ ቤቶች በሕግ ታውቀው ኖረዋል። እንግዲህ መጦሪያ ቤት ትናንት ከፈረንጅ የመጣ ፈሊጥ ነው የሚሉ ሰዎች ነገሩን ሊመረምሩት ይገባል፤ ወላጁን እዚያ ያስገባ ሁሉ ወላጁን ጣለ ተብሎ መሰደቡም እንዲሁ።

በገዳሞቻችን ያለው ሥርዐት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቀረበ ምሳሌ ነው። ያረጀ መነኵሴ ረድእ ይሰጠዋል። ረድኡ ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ ሽማግሌውን ደግፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል፤ መነኵሴውም ንባቡን ያርምለታል፥ ሥርዐቱን ያስተምረዋል። ማን ማንን እንደሚጦር ለይቶ መናገር አስቸጋሪ ነው። በኢሉባቦር በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የመቱ ዩኒቨርሲቲ፥ በቡሬም ያሉ ትምህርት ቤቶች፥ ተማሪዎቻቸውን በዚህ ሥርዐት ቢልኩ ብዙ ጥቅም ይገኛል። ተማሪው በታወቀ ቀን፥ በታወቀ ሰዓት፥ ወደ አንድ በስሙ ወደሚያውቀው ሽማግሌ ይሂድ፤ የሚሄደውም ሊሰጥ ብቻ ሳይሆን ሊማር ይሁን። አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. በጠላት ከተያዘች በኋላ ጎሬ ለጥቂት ወራት የመንግሥት መቀመጫ ሆና መቈየትዋን፥ ልዑል ራስ እምሩም ከዚያ መነሣታቸውን ተማሪው ከመጽሐፍ ያገኘዋል፤ በዚያ ወራት በቡሬ ገበያ ጨው ስንት እንደ ተሸጠ፥ ማን እንደ ሸፈተና ማን እንደ ገባ ግን ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙት ዛሬ 80 እና 90 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ናቸው። የሠፈራውን መንገድ በእግሩና በመኪና የመጣበትም ሰው ገና በሕይወት አለ። ተማሪው ተመርቆ ሲሄድም ተተኪውን ሳያስተዋውቅ እንዳይለቅ በደንብ ይጻፍ፤ አለዚያ በአሜሪካን አገር የታየው ውድቀት እዚህም ይደርሳል።

ሹማምንት ለዚህ ሁሉ የሚደገፉበት ሕግ አላጡም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ስለ አረጋውያን ያጸናቸው መሠረተ ሐሳቦች አምስት ናቸው፤ በራስ መቻል፥ ተሳትፎ፥ እንክብካቤ፥ ራስን ማሟላትና ክብር። ማብላትና ማከም የሚገቡት በራስ መቻልና በእንክብካቤ ክፍሎች ሲሆን የቀሩት ሦስቱ ስለ ሌላ ነገር የሚናገሩ ናቸው። የአፍሪካ ኅብረትም ስለ አረጋውያን መብት የሚናገረውን ፕሮቶኮል በጥር 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የተቀበለው በአዲስ አበባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጐዳ፥ በዚሁም ምክንያት በየዓመቱ 871 ሺህ ያህል ሰው እንደሚሞት ገልጧል። የእንግሊዝ መንግሥት ከዚያ አስቀድሞ በ2010 ዓ.ም. ለዚሁ ነገር ኃላፊ የሚሆን ሚኒስትር ሠይሟል፤ ጃፓንም በ2013 ዓ.ም. ተከትላለች። እነርሱ ወደዚህ የደረሱት ሰንበቴና ዕድር ስለሌላቸው ነው ብሎ መኵራት ቀላል ነው፤ ያለንን ራሳችን ከበር ውጭ ካስቀረነው ግን ኵራቱ ምን ይጠቅማል?

በኦሮሚያ ያለውን ስንመለከት ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር ይገኛል። ክልሉ በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በዐዋጅ አቋቁሟል፤ በኦሮምኛ ጃርሳ ቢያ የሚባለው የአገር ሽማግሌ ነገር ሰምቶ የሚወስነው ውሳኔ በሕግ እንዲታወቅ ሆኗል። በአንድ በኩል ሕጉ ሽማግሌን በሰው ንብረትና ጠብ ላይ ዳኛ አድርጎ ሲያስቀምጠው፥ በሌላ በኩል ያው ሽማግሌ መጦሪያ ቤት በገባ ማግስት ምሳው ምን እንደሚሆን፥ በአጠገቡ ማን እንደሚተኛ የማይጠየቅ ከሆነ፥ ነገሩ እርስ በርሱ ይጋጫል። አረጋውያኑ ከመካከላቸው ጥቂቶችን መርጠው ከአስተዳዳሪው ጋር በወር አንድ ቀን ቢቀመጡ፥ የስንቅ ቤቱንም ቁልፍ አንዱን እነርሱ ቢይዙ፥ ለጠብ የሚሆነው ነገር ሁሉ መጀመሪያ በእነርሱ ፊት ቢታይ፥ ቤቱ የሚያጣው ነገር የለም። ገንዘብ የሰጠ ሰውም ገንዘቡ በምን ላይ እንደ ዋለ የሚመሰክርለት ያገኛል።

እርግጥ ነው፥ ይህ ለሁሉ አይሆንም። በመርሳት ሕመም የተያዘ፥ ከአልጋ መነሣት የማይችል፥ ወይም በአእምሮ ሕመም የሚሠቃይ ሰው ዕድርና ሸንጎ አይጠየቅም። ለእንዲህ ያለውም ቢሆን የትኛውን ጋቢ እንደሚለብስ፥ በፀሐይ ወይም በጥላ እንደሚቀመጥ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው የሠራተኛው ትዕግሥት ነው፤ ትዕግሥትም ከደመወዝ ጋር መያያዙን ሹማምንት ያውቃሉ። አንድ ሠራተኛ ለ30 ሰው በተመደበበት ቤት ምርጫ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሁሉን በአንድ ሰዓት አብልቶ በአንድ ሰዓት ማስተኛት ግድ ይሆንበታል።

በቡሬም ሆነ በሌሎች የኢሉባቦር ከተሞች እንዲህ ያለ ቤት ለመሥራት በታሰበ ጊዜ ሁሉ የመጀመሪያው ክርክር ስለ ቦታ እንደሚሆን ይታወቃል። ሰፊ መሬት የሚገኘው ከከተማው ዳር ነው፤ መሐንዲሱም በጎ አድራጊውም ያን ይመርጣሉ፥ አየሩ ንጹሕ ነውና፥ ካሳውም ጥቂት ነውና። ሽማግሌው ግን አየር አላጣም፤ ዕድሜውን በቡና ጫካ ሥር የኖረ ነው። እርሱ የሚፈልገው በገበያ ቀን ምርኵዙን ይዞ ወጥቶ ቡናው በስንት እንደ ዋለ የሚጠይቅበት፥ ክርስቲያኑ የቅዳሴውን ደወል፥ እስላሙም አዛኑን ሰምቶ በእግሩ የሚደርስበት፥ የቀድሞ ጎረቤቱ ከገበያ ሲመለስ ጎራ ብሎ አንድ ሲኒ የሚጠጣበት ስፍራ ነው። ቦታ የሚመሩት ሹማምንት ካርታውን ከመዘርጋታቸው በፊት ከገበያው እስከ ታሰበው ግቢ ድረስ በሽማግሌ እርምጃ ቢሄዱበትና ስንት ጊዜ ዐረፍ ማለት እንደሚያስፈልግ ቢቈጥሩ መልካም ነው።